የዕድሜ ቁጥርና የወላጅ ዓይን
በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የሂርናና የአካባቢዋ ተወላጅ ተማሪዎች ያቀረቡት ንግግር

ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት ሲሰሙት የልጅ ነገር ይመስላል። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፤ ግድያና ደም የሚታይባቸውን የቪዲዮ ጨዋታዎች ልጆች እንዳይጫወቱ መጠበቅ የማን ሥራ ነው? የወላጅ ነው ወይስ ዕድሜ ወስኖ በጨዋታው ላይ ቁጥር የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት? በሌላው ዓለም ይህ ክርክር ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን የቀረብነው የሌላውን ዓለም ክርክር ለመድገም ሳይሆን ስለ ሂርና ለመናገር ነው።

ከጭሮ፥ ማለት ብዙ ሰዎች አሰበ ተፈሪ እያሉ ከሚጠሯት ከተማ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ሂርናን ያልፍባታል። ሻይ ይጠጣል፥ ጫት ይገዛል፥ መንገዱን ይቀጥላል። ከዋናው መንገድ ገባ ያለ እንደ ሆነ ግን በሩ ላይ መጋረጃ የተጣለበት፥ ከውስጡ የልጆች ጩኸት የሚሰማበት ቤት ያገኛል። ይህ ፕሌይስቴሽን ቤት ይባላል። በጭሮም በገለምሶም በሌሎቹም የሐረርጌ ከተሞች እንዲህ ያለ ቤት አለ። ከእኛ መካከል ወንዶቹ እነዚህን ቤቶች ከውስጥ ያውቋቸዋል፤ ሴቶቹ ግን ወንድሞቻቸውን እንዲጠሩ ተልከው ከመጋረጃው ውጭ ቆመው ያውቋቸዋል። ይህም ልዩነት ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ እኅት የማትገባበት ቤት ወንድሟ ምን እንደሚሠራ የሚታይበት ቤት አይደለምና።

በመጀመሪያ የቤቱን ጠባይ እንግለጽ፤ ይህን ሳያውቁ መፍረድ አይቻልም። በቤቱ ውስጥ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፥ አግዳሚ ወንበሮችና ያረጁ የጨዋታ መሣሪያዎች አሉ። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ይጫወታሉ፤ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ዋጋው የሚቆጠረው በጨዋታ ወይም በደቂቃ ነው። ጠባቂው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱን የጨረሰና ሥራ ያላገኘ ወይም በመካከሉ ያቋረጠ ወጣት ነው። ጨዋታዎቹም በሀርድ ዲስክ ተገልብጠው የመጡ ናቸው፤ ማሸጊያም ሽፋንም የላቸውም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉልን፤ ነገራችን ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

ከጨዋታዎቹ የሚበዙት የእግር ኳስ ናቸው። ከእነርሱ ጎን ግን ሰው የሚተኮስበት፥ መኪና የሚቀማበት፥ አንገት የሚቆረጥበት አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» የሚባለው ጨዋታ በአውሮፓው መመዘኛ 18 ዓመት ላልሞላው ሰው አይገባም የተባለ ነው። በእኛ ከተማ ግን ተራ የሚጠብቁለት ልጆች ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። የዕድሜ ደረጃ እንዴት ተጀመረ? በ1993 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት የነበሩት ጆሴፍ ሊበርማንና ኸርብ ኮል «ሞርታል ኮምባት»ንና መሰሎቹን ጨዋታዎች በምክር ቤት ጉባኤ አስመረመሩ። የጨዋታ አምራቾቹም መንግሥት ሕግ ሳያወጣባቸው ቀድመው በ1994 እ.ኤ.አ. ኢኤስአርቢ የተባለውን የደረጃ ድርጅት ራሳቸው አቋቋሙ። በአውሮፓ ደግሞ ፔጊ የተባለው በ2003 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ ጨዋታዎችን 3፥ 7፥ 12፥ 16 እና 18 እያለ ይለያቸዋል። ከአፍሪካ አገሮችም ደቡብ አፍሪካ ፊልምንና ጨዋታን የሚመዝን የመንግሥት ቦርድ አላት። እንግዲህ «የመንግሥት ቁጥር» የምንለው ብዙ ጊዜ የነጋዴው ማኅበር ቁጥር እንደ ሆነ መዘንጋት የለብንም።

ቁጥሩን የሚደግፉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል የሚባል አይደለም። ወላጅ በየዓመቱ የሚወጣውን ጨዋታ ሁሉ ተጫውቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ መርምሮ የሚነግረው ያስፈልገዋል ይላሉ። ማስረጃም አላቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ልጆችን ገዢ አስመስሎ ወደ ሱቆች ልኮ ነበር። 17 ዓመት ለሞላቸው ብቻ የተባለውን ጨዋታ ለመግዛት የቻሉት ከመቶው 13ቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። ሻጩ ዕድሜ ጠይቆ የቀሩትን መለሳቸው ማለት ነው። ቁጥር የሚያነብና የሚጠይቅ ሰው ካለ ቁጥሩ ይሠራል።

በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ልጅን የማሳደግ ሥልጣን የወላጅ ነው፤ መንግሥት በዚህ ምን ያገባዋል? ይላሉ። የካሊፎርኒያ ግዛት ግፍ የበዛበትን ጨዋታ ለልጆች መሸጥና ማከራየት የሚከለክል ሕግ በ2005 እ.ኤ.አ. አውጥታ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. በ7 ድምፅ በ2 ሕጉን ሻረው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ስካሊያ ለልጆች የሚነገረው ተረት ከጥንት ጀምሮ ደም የሞላበት መሆኑን አስታወሱ፤ በጀርመኖቹ ተረት ልጆቹ ጠንቋይቱን በምድጃ ውስጥ ያቃጥሏታል። በሐሳቡ ካልተስማሙት ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ቶማስ ግን ወላጅን አልፎ ከልጅ ጋር መነጋገር ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ነጻነት አይደለም የሚል አስተያየት አሰፈሩ።

የዳኛ ስካሊያን ነገር እኛም እናውቀዋለን። በእኛም ተረት ጅብ አህያን ይበላል፥ አንበሳም ይገድላል። ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት አለ። ተረቱን የምትነግረን አያታችን ናት። የምንፈራበትን ቦታ ታውቃለች፤ እዚያ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ በመጨረሻም ነገሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ትነግረናለች። በመጋረጃው ውስጥ ያለው ልጅ ግን ተረቱን የሚነግረው አያት አጠገቡ የለም።

የአገራችን ሕግስ ምን ይላል? ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 18 ልጅን የማሳደግ ቀዳሚው ኀላፊነት የወላጆች ነው ይላል፤ በዚያው አንቀጽ ደግሞ መንግሥት ወላጆችን እንዲረዳ ያዝዛል። በአንቀጽ 17 ደግሞ ልጅን ከሚጎዳ ነገር የሚጠብቅ መመሪያ እንዲወጣ ያበረታታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በማናቸውም ጉዳይ የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ያስገድዳል፤ በአንቀጽ 29ም የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሕግ ገደብ ሊያወጣ እንደሚችል ይናገራል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም አለ፤ ነገር ግን እርሱ ለብሮድካስትና ለጋዜጣ እንጂ የጨዋታ ቤትን መጋረጃ ለማንሣት የወጣ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ «ወይ ወላጅ ወይ መንግሥት» አይልም። ሁለቱንም በአንድ ቀንበር ጠምዷቸዋል።

ጓደኞቻችን፥ ታዲያ ሂርና ላይ ምን ሆነ? ሁለቱም ልጁን ሳያገኙት አለፉት።

ቁጥሩ አላገኘውም፤ ቁጥሩ የታተመው በማሸጊያው ላይ ነው፤ ማሸጊያው ደግሞ ከእኛ ዘንድ አልደረሰም። የዕድሜ ደረጃ የተሠራው ጨዋታ ለሚሸጥበት ሱቅ ነው። በእኛ ከተማ ጨዋታ የሚሸጥ ሰው የለም፤ የሚሸጠው ደቂቃ ነው። ደቂቃ ደግሞ ዕድሜ አይጻፍበትም።

የወላጅ ዓይንም አላገኘውም። ይህን ስንል ወላጆቻችንን ለመውቀስ አይደለም። «ወላጅ ይቆጣጠር» የሚለው ምክር የተሠራው ቴሌቪዥኑ በቤቱ ሳሎን ላለ፥ ማታ ከሥራ ሲመለስ ልጁን ተቀምጦ ለሚያገኘው ሰው ነው። የእኛ አካባቢ ኑሮ ጫት ነው። ጫት ከተቀነጠሰ በኋላ ስለሚጠወልግ ጊዜ አይሰጥም፤ በማለዳ ይቀነጠሳል፥ ይታሰራል፥ መኪና ሳያልፈው ገበያ መድረስ አለበት። አባት በማሳ፥ እናት በገበያ የሚውሉበት ሰዓት ልጁ ከፈረቃ ትምህርት የሚፈታበት ሰዓት ነው። ልጁም ራሱ ጫት በማሰርና በመላላክ ጥቂት ሳንቲም በእጁ ይገባል። ነጻ ግማሽ ቀን፥ ጥቂት ገንዘብ፥ በቅርብ ያለ ቤት፤ ሦስቱ ከተገናኙ ሌላ ምን ያስፈልጋል? አባትየውስ ቤቱን ቢያውቀው ምን ያያል? «ኳስ ነው» ይሉታል። እርሱም ከጫት መቃሚያና ከሺሻ ቤት ይሻላል ብሎ ያልፋል። አስተያየቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ለመሆኑ ጨዋታው ይጎዳል ወይ?» ብሎ ሊጠይቀን ይገባል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ያልተረጋገጠ ነገር እየፈሩ ሕግ ማውጣት አይገባምና። አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ እንግዳ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር፤ ዛሬ ግን ሲኒማን ሰይጣን የሚለው የለም። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. ግፍ ያለባቸው ጨዋታዎች ከጠበኛነት ጋር ግንኙነት አላቸው ብሎ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ነገሩን እንደ ገና አይቶ ግንኙነቱ እንደ መጮህና እንደ መገፋፋት ባለው ትንሽ ጠብ ላይ መሆኑን፥ ጨዋታውን የነፍስ ግድያና የከባድ ወንጀል ምክንያት ለማድረግ ግን በቂ ማስረጃ አለመኖሩን አስታወቀ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 14ና 15 ዓመት የሆናቸውን 1,004 የብሪታንያ ልጆች መርምረው፥ የጨዋታውን ግፍ በልጆቹ ግምት ሳይሆን በዚያው በደረጃ ድርጅቶቹ መዝገብ ለክተው፥ ከልጆቹ ጠበኛነት ጋር ግንኙነት አጣንበት አሉ።

እንግዲህ «ጨዋታው ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል» ብለን አንጮህም። ይሁን እንጂ የብሪታንያው ልጅ ጥናት የሐረርጌውን ልጅ ነገር ይጨርሰዋል ብለን አናምንም። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲፈናቀል የእኛም ዞን ተፈናቃዮችን ተቀብሏል። በከተሞቻችን ውስጥ የጥይት ድምፅ በጆሮው የሰማ፥ ቤቱ ሲቃጠል በዓይኑ ያየ ልጅ አለ። ለዚህ ልጅ በመስታወቱ ላይ የሚቃጠለው ቤት ምን እንደሚመስለው የጠየቀው ሰው የለም። ምናልባት ጨዋታው ያቀልለት ይሆናል፤ ምናልባትም ሌሊት ያስጮኸው ይሆናል። ይህን ሊያውቅ የሚችለው አጠገቡ የሚያድር ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩ 18 ይላል እንጂ ልጁ ምን እንዳየ አያውቅም። ወላጅን ከቁጥሩ በላይ የሚያደርገው ይህ ነው።

ቁጥሩ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የእግር ኳሱ ጨዋታ በፔጊ መመዘኛ «3» ነው፤ ማለት ለሕፃንም የተፈቀደ ነው። በእኛ ቤቶች ግን የተሸነፈው ልጅ የሁለቱንም ሂሳብ ይከፍላል። ከዚያ ጥቂት አለፍ ሲል ውርርድ ይጨመርበታል። ከዚያም ልጁ ትልቅ ሲሆን በየመንገዱ ወደ ተከፈቱት የስፖርት መወራረጃ ቤቶች ለመግባት የተዘጋጀ ሆኖ ይገኛል። ነገሩ በእኛ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ቤልጅየም በ2018 እ.ኤ.አ. በጨዋታ ውስጥ በገንዘብ የሚገዙት የዕድል ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብላ ስለ ወሰነች፥ የፊፋ ጨዋታ አምራች በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ሽያጩን በዚያ አገር አቁሟል። ታዲያ እኛ በሂርና ከደሙ ይልቅ ያስጨነቀን የቱ ነው ብትሉን፥ የምንመልሰው ይህንን ነው፤ ልጁ ክፍል ባዶ አድርጎ መዋሉና ቁማር መልመዱ። «18» የተባለው ጨዋታ አንዳንዱን ልጅ ያስፈራው ይሆናል፤ «3» የተባለው ግን የደብተር መግዣውን ወስዶበታል።

አንዳንድ ሰዎች «ቤቶቹን መዝጋት ነው» ይላሉ። በልዩ ልዩ ከተሞች የቪዲዮ ቤቶችና የሺሻ ቤቶች በዘመቻ ሲዘጉ አይተናል። ዘመቻው ሲያልፍ ግን ቤቱ በጓሮ በኩል ይከፈታል፤ በፊት መጋረጃ የነበረው በዚህ ጊዜ ቁልፍ ይሆናል። ደቡብ ኮሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. 16 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ በሕግ ከልክላ ነበር። ልጆቹ በወላጆቻቸው የመታወቂያ ቁጥር መግባት ጀመሩ፤ ሕጉ ወደማይደርስበት ወደ ስልክም ተዛወሩ። ሕጉ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቀረ። በእኛም ዘንድ ስልኩ ገብቷል። ከዓረብ አገር በዘመድ የተላከ ወይም ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ስልክ ዛሬ በብዙ ቤት አለ፤ በእርሱ ላይ የሚጫነው የተኩስ ጨዋታም ዕድሜን የሚጠይቀው ልጁን ራሱን ነው። የትውልድ ዓመቱን አሳስቶ ለመጻፍ የማይችል ልጅ ደግሞ አላየንም። ፕሌይስቴሽን ቤቱን ብንዘጋው ልጁ ከአሥር ጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ወደ ስልኩ ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ጠባቂው ወጣት የእኛው ወንድም ነው፤ እንጀራውን ነጥቀን ምን ልንሰጠው ነው?

ስለዚህ እኛ ለዚህ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው።

አንደኛ፥ ቁጥሩን ከማሸጊያው ወደ በሩ እናምጣው። በየቤቱ ያሉት ጨዋታዎች ጥቂት ስለ ሆኑ ደረጃቸውን ፈልጎ መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በትልቁ ተጽፎ ከበሩ አጠገብ ይሰቀል። ያን ጊዜ ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ቢሆን 18ን ለይቶ ያውቃል፤ የገንዘብ ቁጥር የማያውቅ ነጋዴ የለምና።

ሁለተኛ፥ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለእነዚህ ቤቶች ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ ሦስት ግዴታ ያስገባ። ይኸውም በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ እንዳይገባ፥ በገንዘብ መወራረድ እንዲከለከል፥ መጋረጃውም እንዲነሣ ነው። ከሦስቱ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፤ እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው እንላለን። ከመንገድ የሚታይ ቤት አላፊው ሁሉ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛ፥ ወላጅ ብቻውን የማይችለውን በማኅበር ይቻለው። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ቀባሪ የሚሰበስብ፥ ሲቸግር የሚደርስ አፎሻ አለን። ለሞተው የምንሰበሰበውን ያህል ለሚያድገው ለምን አንሰበሰብም? በአፎሻው ስብሰባና በትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህራን ኅብረት ይህ ጉዳይ ይነሣ። በሳምንቱ ቀናት ተራ ወጥቶ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት በቤቱ በኩል ብቅ ቢሉ ለመቅጣት ሳይሆን «ዛሬ ምን ትጫወታላችሁ?» ብለው ለመጠየቅ ይሁን። በቀድሞው ጊዜ የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ ያየ ጎልማሳ ዝም ብሎ አያልፍም ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አራተኛው የእኛ ድርሻ ነው። ክረምት ሲመጣ ሁላችንም ወደየከተማችን እንመለሳለን። ለታናናሾቻችን ማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን እያልን በየዓመቱ እናቅዳለን። በዚህ ክረምት በዕቅዱ ላይ አንድ ሥራ ይጨመር፤ ከጠባቂዎቹ ጋር ተቀምጠን የበሩን ዝርዝር አብረን እንጻፍ። እነርሱም ያውቃሉ፤ ከእነርሱ ይልቅ ጨዋታዎቹን የሚያውቅ የለም። እስከ ዛሬ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ እንጂ ብዙዎቹ የራሳቸውን ታናሽ ወንድም የማያስቀምጡበትን ጨዋታ ለይተው ሊነግሩን ይችላሉ። ከዚህም ጋር ከሰዓት በኋላ የኳስ ሜዳና የንባብ ክፍል ክፍት ይሁንልን ብለን ትምህርት ቤቶቹን እንለምን። ልጅን «ከዚያ ውጣ» ማለት የሚቻለው «ወዴት ልሂድ?» ሲል የሚመልስለት ሲገኝ ነው።

ክቡራን መምህራን፥ ከእናንተ መካከል «ይህ ሁሉ ለጥቂት የመጋረጃ ቤቶች ነው ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። የዕድሜ ቁጥር ከውጭ የሚመጣልን ዕውቀት ነው፤ አንንቀውም፤ ከራሳችን ምርመራ በፊት የተደከመበት ነውና። የወላጅ ኀላፊነት ደግሞ ከአባቶቻችን የተረከብነው ነው፤ እርሱንም አንንቀውም። ነገር ግን ሁለቱም ካልተገናኙ በየፊናቸው ከንቱ ናቸው። በሂርና ገበያና በቤቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው፤ ሆኖም ቁጥሩን ለእናት የሚያደርስላት ሰው ስለሌለ ልጇ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ምን እንደሚያይ ሳታውቅ ጫቷን ሸጣ ትመለሳለች። ያንን ማድረስ ትልቅ ገንዘብም፥ አዲስ አዋጅም አይጠይቅም።

ከዚህ በኋላ መድረኩ የእናንተ ነው። በተለይ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣችሁ ጓደኞቻችን በከተሞቻችሁ ያለውን እንድትነግሩን፥ ሐሳባችንን የምትቃወሙም ካላችሁ ያለ ይሉኝታ እንድትቃወሙን እንለምናለን። የቤቶቹን ዝርዝር ለመጻፍ ከእኛ ጋር መሥራት የሚፈልግ ሁሉ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ለኅብረቱ ጸሐፊ ያስመዝግብ።